ሰባትን ስፒል በላው

ስልከኛዋ የምትስቀው ግማሽ ሳቅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያወቀችው በጆሮዋ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ ይከፈታል፤ ቀልደኛው አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ እህቷ «ካ ካ ካ» ብላ ትጀምርና ሳቁ መሀል ላይ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ወንበር ይንቋቋል፣ የተጣደፈ እግር ይሰማል፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ይዘጋል። ሌላ ሰው ቢሰማ ቀልዱ ያላማራት ይመስለው ነበር። ለልብስ ሰፊዋ ግን ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። እሷም ብትሆን ማስነጠስ ሲመጣባት እግሯን አቆላልፋ የስፌት መኪናዋን ጠርዝ ጨምድዳ የምትይዝ፣ ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ ከጨርቁ በፊት መጸዳጃ ቤት ያለው የትኛው ሱቅ እንደሆነ የምታሰላ ሴት ናት። ስልሳ ዓመትን አንዷ ከወዲያ ሌላዋ ከወዲህ ሆነው የሚያዩት እህትማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ወልደው አሳድገዋል፤ ሁለቱም ይህን ጉዳይ ለማንም ተንፍሰው አያውቁም። እርስ በርስማ ጭራሽ። ከተነጋገሩ አራት ዓመታቸው ነው።

ግድግዳ የምንለውም ለወጉ ያህል ነው። እናታቸው ልብስ ትሰፋበት የነበረ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር፤ መሀሉ ላይ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ተገተረና ሁለት ቤት ሆነ። አናጺው ሚስማር ሲመታ ሁለቱም አጠገቡ ቆመው ነበር። አንዷ «ወደዚያ ገፋ አድርገው» አላለችም፣ ሌላዋም «ወደዚህ ሳብ አድርገው» አላለችም፤ ተጣልተውም ጨዋዎች ናቸው። ለታላቅየዋ ለልብስ ሰፊዋ መስኮቱና የስፌት መኪናው ደረሳት፣ ለታናሽየዋ ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛና የድሮው በር። ለታላቅየዋ በጎን አዲስ በር ተከፈተላት፣ የቤቱም ቁጥር «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ተከፈለ። ሰሌዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ከወዲያ ጋዜጣ ሲገለጥ ከወዲህ ይሰማል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነሱ ዝምታ ግን ድሮ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል፤ ሁለቱንም የሚያስነጥሳቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ወንበሯን ወደ ሰሌዳው አዙራ ተቀመጠች። ጀርባዋን ቀና፣ እግሯን ከፈት አደረገች፣ እጇን ጭኗ ላይ ጣለች። «ሳቢው» አለች ጮክ ብላ፣ ማንንም እንደማታናግር ሆና። «ሽንት እንደያዘው ሰው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ። ትንፋሽሽን አታፍኚ፣ መቀመጫሽን አትጨብጪ። ያዥው። አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት… አምስት… ስድስት… ስምንት… ዘጠኝ… አሥር። ልቀቂው።» ከወዲያ የወንበር እግር ሲጢጥ አለ። ሦስት ወር ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ወጋቸው ይኸው ነው፤ አንዷ ትቆጥራለች፣ የሌላዋ ወንበር ሲጢጥ ይላል። አንዳንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሆን ብላ ዘግየት ትላለች። ያኔ ከወዲያ ጉሮሮ የሚጠርግ ድምፅ ይመጣል፤ «ምነው ቀረሽ?» ማለት ነው። ያችን ጉሮሮ ጠረጋ የሰማች ቀን፣ ጠማማ ስፌት እንኳ እየተረተረች ደስ ሲላት ትውላለች።

ነገሩ የመጣው ከሆስፒታል ነው። ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች ያለ መድኃኒትና ያለ ቢላዋ፣ በጡንቻ ልምምድ ብቻ መርዳት ይቻል እንደሆነ የሚያጠኑ ሐኪሞች የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር። ያንን ማስታወቂያ ሰው የሚያነበው ሌላ የሚያነብ መስሎ ነው። ልብስ ሰፊዋም ጎኑ ያለውን የክትባት ወረቀት እንደምታይ ሆና በዓይኗ ጠርዝ አነበበችው። የመመዝገቢያው ቀን ወደ ሆስፒታሉ ስትሄድ ከፊቷ አንድ የምታውቀው ጀርባ አየች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀሚስ የለካችለት ጀርባ ነው። አብረው የመጡ እንዳይመስል ብላ በሌላ መንገድ ቆርጣ፣ ሮጥ ሮጥ ብላ፣ በአንድ ሰው ቦታ ቀድማ ተሰለፈች። ያች አንድ ቦታ ናት እስከ ዛሬ የምትቆጫት። ለተመዝጋቢዎቹ በየተራቸው የታሸገ ፖስታ ይሰጣቸዋል፤ ውስጡ ዕጣ አለ። ወይ ልምምዱን አሁኑኑ ትማሪያለሽ፣ ወይ ስድስት ወር ትጠብቂና ከዚያ ትማሪያለሽ፤ ሐኪሞቹ የተማሩትን ካልተማሩት ጋር ሊያስተያዩ ነው። አርባ አንደኛው ፖስታ ለልብስ ሰፊዋ ደረሰ፤ ልምምድ። አርባ ሁለተኛው ለስልከኛዋ ደረሰ፤ መጠበቅ። በጥናቱ ውስጥ ስም የለምና ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ አንድና አርባ ሁለት ሆኑ። መዝጋቢዋ ልጅ «ከአንድ ቤት የመጣችሁ አላችሁ? ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አንቀበልም» ስትል ሁለቱም ዝም አሉ። ውሸት አልመሰላቸውም። አንዷ ከ«ሀ» ናት፣ ሌላዋ ከ«ለ»።

ስልከኛዋ ፖስታዋን አይታ አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ ስትመልሰው፣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። የለመደው ፊት ነው። ልጅ ሳሉም አዲሱ ቀሚስ ለታላቅየዋ ይሰፋል፤ ዓመት ቆይቶ ወገቡ ይጠባል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፣ ለታናሽየዋ ይደርሳል። እናታቸው ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ታቆማቸውና ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ትዞራቸዋለች። «አሥር እስክቆጥር የተነቃነቀች ወዮላት!» ትልና በጥርሷ መሀል መቁጠር ትጀምራለች። ስድስት ላይ ሁልጊዜ ከከንፈሯ ስፒል ትነቅላለች፤ ሰክታው ቀና ስትል ስምንት ላይ ናት። «እማዬ፣ ሰባትስ?» ሲሏት «ሰባትን ስፒል በላው» ትላለች። ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ፣ ያልታጠበ የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ የመቀሱ ሽርክት ሽርክት፣ ታናሽየዋ ሳቋን ለመዋጥ ጉንጯን ነፍታ «እትዬ፣ አታስቂኝ» የምትለው… ልብስ ሰፊዋ እነዚህን ስታስብ ሆዷ ይባባል። ጠረጴዛው ዛሬ ከሰሌዳው ወዲያ ነው። እሷንም «እትዬ» ብሎ የሚጠራ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር።

ዛሬ የሦስተኛው ወር ልኬት ቀን ነው። ቀጠሮው ለሁለቱም አራት ሰዓት ላይ ስለሆነ አንድ አውቶቡስ ላይ ተገናኙ፤ ስልከኛዋ ከፊት ተቀምጣለች፣ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ቆማለች። ታሪፉ በዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ጨምሯል። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴትዮ «እግሬን ለረገጣችሁበትም ጭምር ነው እንዴ የምከፍለው?» ስትል አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ስልከኛዋ ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ቢሻላትም ገና አላመነችውም። ልብስ ሰፊዋ የእህቷን የአንገት ልብስ ስታይ ጠርዙ መተርተሩን ልብ አለች፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፣ ክሩም ቦርሳዋ ውስጥ አለ።

የመጠበቂያው አዳራሽ ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ወንበሮቹ በብረት የተያያዙ፣ አንዷ ስትነሳ ሁሉም የሚነቃነቁበት ነው። ሴቶቹ ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ስለ ሞዴስ ዋጋ፣ ስለ ዘይት፣ ስለማይደውል ልጅ፤ ስለመጡበት ጉዳይ ብቻ አያወሩም። አንዲት ጡረተኛ መምህርት «እኔ እንኳ የመጣሁት ልጄን ልሸኝ ነው» አለች፣ ልጅ አብሯት ሳይኖር፤ ማንም አልሳቀባትም። ስልከኛዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ከሌላው ጥግ ሆና የተሰጣትን መጠይቅ መሙላት ጀመረች። ጥያቄዎቹ የመጀመሪያው ቀን የተሞሉት ራሳቸው ናቸው። ሲያስሉ ያመልጥዎታል? ሲስቁ? በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ያጣሉ? አምስተኛዋ ጋ ስትደርስ እንደዚያን ቀኑ እስክሪብቶዋ ቆመ። «በዚህ ችግር ምክንያት ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ቀርተው ያውቃሉ?»

ስልከኛዋ ሠላሳ ዓመት በሌላ ከተማ ስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ የኖረች ናት፤ ከእናት ቤት ስምንት ሰዓት መንገድ፣ አውቶቡሱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆምበት። እናታቸው አልጋ ስትይዝ በየቀኑ ትደውል ነበር። «እመጣለሁ» ትላለች፤ «በሚቀጥለው ሳምንት» ትላለች፤ ሳምንቱ ይመጣል፣ እሷ አትመጣም። የመጣችው ለቀብሩ ነው፤ ሰው በመኪናው ይዟት፣ ምሳ እንኳ ሳትቀምስ፣ ከንፈሯ በውሃ ጥም ተሰነጣጥቆ። በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ልብስ ሰፊዋ የታመቀው ሁሉ ገነፈለባት። «የአገሩን ሰው ሁሉ ስታገናኝ ኖራ፣ ራሷ ከእናቷ መገናኘት ያቃታት! በስልክ ውሃ አይቀዳላት፣ በስልክ ጀርባዋ አይታሽላት!» አለች። ለቀስተኛው አቀረቀረ። ስልከኛዋ አንድ ቃል አልመለሰችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጡረታ ወጥታ ድርሻዋ ላይ ልትኖር ስትመጣም ከአናጺው ጋር መጣች። ልብስ ሰፊዋ ለአራት ዓመት ያህል እውነት ተናግሬያለሁ ብላ ስታምን ኖራ፣ የዛሬ ሦስት ወር ይህችን አምስተኛ ጥያቄ አነበበች። እህቷን በስምንት ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ አየቻት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ውሃ ሳትጠጣ፣ ሾፌሩን «አቁምልኝ» ለማለት አፍራ። ልምምዱን ተምራ ቤቷ የገባች ዕለት ያስተማሩበትን ወረቀት ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመችና፣ ለራሷ እንደሚያጠና ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችው። ይቅርታ ማለት አላወቀችበትም። ማንበብና መቁጠር ግን ታውቃለች።

የመጠይቁ የመጨረሻ ጥያቄ «ከሌላ የጥናቱ ተሳታፊ ጋር ስለ ልምምዱ ተነጋግረዋል?» ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሳታመነታ «አልተነጋገርኩም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እውነቷን ነው።

ቀጥሎ ልኬት። የምትለካው ነርስ ተሳታፊዋ ከየትኛው ቡድን እንደሆነች አታውቅም፣ እንዳይነግሯትም አስቀድማ ትለምናለች፤ «ካወቅኩ ዓይኔ ያደላል፣ እናቴ» ትላለች። ሞዴሱ የወርቅ ሠሪ ሚዛን በሚመስል መመዘኛ ይመዘንና ይለበሳል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ላየው ሰው ምንነቱ የማይገባ ሥራ ይሠራል። ኮሪደሩን መመላለስ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ አሥር ጊዜ መቀመጥና መነሳት፣ አሥር ጊዜ ማሳል፣ አንድ ደቂቃ ባሉበት መሮጥ፣ ወለል ላይ የወደቀ ሳንቲም አምስት ጊዜ ማንሳት። የመጨረሻዋ ናት ጠላት፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ እጅ መታጠብ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና ታጠበች። ሞዴሱ ዳግም ተመዘነ፤ የጨመረው የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ግራም ነበር፤ ዛሬ አንድ ብቻ ሆነ። እዚያው ልትዘፍን ምንም አልቀራት። «እንዴት ያለ ነው፣ ልጄ! በዚህ ዕድሜዬ ዝናብ አባረርኩ» አለች፤ ነርሷ ቡድኗን እንዳትሰማ ጆሮዋን ይዛ ወጣች።

ፊርማ ልትፈርም ወደ መዝጋቢዋ ክፍል ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አጠገቡ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ውስጥ መዝጋቢዋና ዶክተሯ ናቸው፤ ዶክተሯ ፀጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ ሰክታ ያንኑ እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ የምትፈልግ ወጣት ሴት ናት።

«አርባ ሁለት ዋሽታናለች» አለች መዝጋቢዋ። «ከሚጠብቁት ውስጥ እንዲህ የተሻላት አንድ ሰው የለም። አሥራ አራት ግራም የነበረው ሁለት ሆኗል። ሌላ ቦታ ታክማ ደብቃናለች። ማን አስተማረሽ ብላት ‹ማንም አላናገረኝም› ብላ ድርቅ አለች።»

«ለምን ትደብቃለች?»

«እኔ ምን አውቄ! ሐሰተኛ ብዬ ልጻፋት?»

«እንዲህ አይባልም። ‹መረጃው የማይታመን› በይ።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን ቦርሳዋ ላይ አጠበቀች። የማይታመን! የአንድ ከተማ ሕዝብ የፍቅሩን፣ የኪሳራውን፣ የሞቱን ወሬ ሠላሳ ዓመት በጆሮዋ አሳልፋ አንዲት ቃል ያላመለጣት ሴት! ልትነሳ አለችና ተወችው። ብትናገር ምን እንደሚመጣ ገብቷታል፤ «አቁሚ» ይሏታል። ቁጠራው ከቀረ የወንበሩ ሲጢጥታም፣ ጉሮሮ ጠረጋውም ይቀራል፤ ከእህቷ ጋር ያላት በሙሉ ያ ነው፣ ሌላ የላትም። ዝም ብትል ደግሞ እህቷ ባልዋሸችው ውሸት ወረቀት ላይ ትቀራለች፤ ሐኪሞቹም የተሳሳተ ሒሳብ ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ እህቷን በሰው ፊት ያለ ጥፋቷ የወቀሰቻት እሷ ራሷ ነበረች። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ሲወቅሳት ልትሰማ ነው? በሩን ገፋችው።

«ልጄ፣ አርባ ሁለት አትዋሽም።»

መዝጋቢዋ ብድግ አለች። «እናቴ፣ እዚህ መግባት አይቻልም እኮ።»

«ገብቻለሁ። እህቴ ናት።»

ዶክተሯ ወንበር ሳበችላትና መዝገቡን ገለጠች፤ «ሀ» እና «ለ» ላይ ጣቷን አኖረች። «ታዲያ ስለ ልምምዱ ተነጋግራችኋል ማለት ነው?» አለች።

«ኧረ በጭራሽ! እኔና እሷ ከተነጋገርን አራት ዓመታችን ነው።»

«እንዴት አስተማሯት ታዲያ?»

«ቆጠርኩላት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ስሳል የሚሰማ ግድግዳ ነው ያለን። ወረቀታችሁን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ከዚያ በቀን ሦስቴ ቆጠርኩ። እሷ ማንም አላናገረኝም ካለች እውነቷን ነው፣ አላናገርኳትም።»

ዶክተሯ ሳቋ መጣ፤ ፊት ለፊቷ ያለውን ፊት ስታይ ግን ተወችው። ልብስ ሰፊዋ መሀረቧን ፈልጋ አጣችና በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስለ አውቶቡሱ ነገረቻት፣ ስለ እናቷ አልጋ፣ በለቀስተኛ ፊት ስለተናገረችው። «አምስተኛዋን ጥያቄ ማን እንደጻፋት አላውቅም» አለች። «ማንም ይሁን፣ ለእኔ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው የጻፋት።»

ዶክተሯ ፀጉሯ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ በመጨረሻ አገኘችው። «እህትዎን አላስወጣትም» አለች። «ዕጣው ወደጣላት ቡድን ትቆጠራለች፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ‹የማይታመን› የሚለው ይሰረዛል። የሆነው ደግሞ ልክ እንደሆነ ይጻፋል፣ ለእኛ አይመቸንም፣ ግን ይጻፋል። እሷም የተማረችውን ርሺው አልላትም። ግን የመጨረሻው ልኬት ሦስት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ እባክዎ ድምፅ አውጥተው አይቁጠሩ።»

«በሆዴ ብቆጥርስ?»

«በሆድዎ የፈለጉትን።»

«እሷን… እህትሽ ይቅርታ ብላለች በይልኝ።»

«እናቴ፣ የእኔ ሥራ መመዘን ነው» አለች ዶክተሯ በለዘበ ድምፅ። «ያንን እርስዎ ነዎት የሚነግሯት።» ከዚያ መጠይቁን አነሳችና «ተነጋግረዋል» ከሚለው ጎን በእጇ «ወይም ሰምተዋል» ብላ ጨመረችበት፤ መዝጋቢዋንም አርባ ሁለትን እንድትጠራት ላከቻት። ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ እህቷ ስትገባ በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተላለፉ። የእህቷ ልብስ የሳሙና ሽታ አለው፤ እናታቸው ትጠቀምበት የነበረው ሳሙና ነው። ልብስ ሰፊዋ አውቶቡሱን ትታ በእግሯ ሄደች። ክር ልትገዛ አንድ ሱቅ ገብታ ዋጋውን ሰማችና ሳትከራከር ከፈለች፤ ባለሱቁ ታማለች ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ሲመሻሽ ወንበሯን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ከወዲያ ያለው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰምታለች፣ ውሃ ሲቀዳ ሰምታለች፣ ሬዲዮው ግን አልተከፈተም። ሰዓቷ ደረሰ። አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ጀርባዋን አቅንታ ሳበች፣ በሆዷ ቆጠረች፣ ለቀቀች። ከወዲያ የወንበር ሲጢጥታ የለም። ሁለተኛ ቆጠረች። ጉሮሮ የሚጠርግም የለም። ክፍሉ እናታቸው ከሞተች ወዲህ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ዶክተሯ የከለከለቻት መቁጠር ነው፣ መናገር አልከለከለቻትም።

«ስምንት ሰዓት መንገድ» አለች ለሰሌዳው። «ስለ አውቶቡሱ… አላወቅኩም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ጠበቀች። አራት ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ደቂቃ ቢጨምር ምንም አይደል ብላ ራሷን አጽናናች።

«እሱስ ለማን ይነገራል» አለ የስልከኛዋ ድምፅ። ቅርብ ነበር፤ እሷም ወንበሯን ከሰሌዳው አስጠግታ ኖሯል።

«ለእኔ ነዋ።»

«አንቺ እኮ ቆጣ ቆጣ ትያለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ሰሌዳው ላይ አኖረች። «ይቅር በይኝ» አለች፤ ከአፏ ስትወጣ ከፈራችው በላይ ቀላል ነበረች። ስልከኛዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ ሲያልፍ ዝም ብላ የሰማች ናትና ይህችንም ሰምታ አሳለፈቻት፤ መለስ ብላ ስትናገር ድምፅዋ የቤት ድምፅ ሆኗል።

«ዛሬስ አትቆጥሪም?»

«ከልክለውኛል። በሆዴ ቆጠርኩ።»

«በሆድሽም ሰባትን ዘለልሽው አይደል፣ እትዬ?»

ልብስ ሰፊዋ አልገባትም። በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት… እጇ አየር ላይ ቀረ። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ከስድስት ስምንት መጣ፣ በእናቷ ድምፅ። «በስመ አብ! ሦስት ወር ሙሉ?»

«ሦስት ወር ሙሉ። ሰባትን እየሞላሁ የከረምኩት እኔ ነኝ» አለች ስልከኛዋ። «አንቺ ስምንት ስትይ እኔ ሰባት ላይ ነኝ። አንቺ ለቀሽ ስታርፊ እኔ እንደያዝኩ ነኝ።»

«ምነው አትነግሪኝም ታዲያ?»

«ምን ብዬ? ሰባትን ስፒል በላው ብዬ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ፣ ግንባሯን ሰሌዳው ላይ አስደግፋ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ከዚያ ከወዲያ «ካ ካ ካ» ተጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ገታ አድርጋ በለመደችው ቦታ እስኪቆረጥ ጠበቀች። አልተቆረጠም። ወንበሩ አልተንቋቋም፣ የመጸዳጃ ቤቱም በር አልተዘጋም። እህቷ በእናታቸው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ሳቋን እስከ መጨረሻው ሳቀችው።